ባሕር ዛፍ፣ ዩካሊፕተስ፣ ካፉር፦ የእንጦጦው ዛፍ ሦስት ስሞች እና በመካከላቸው የሚፈጠረው ስህተት

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ የሚወጣውን ዳገት የሚያውቅ ሁሉ ባሕር ዛፍን ያውቃል። የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ ተወልዶ ያደገ ሰው ምናልባት ከሌሎች ዛፎች ሁሉ ቀድሞ በስሙ የጠራው እሱን ነው። የጭቃ ቤቱ ማገርና ወራጅ፣ የአጥሩ ቋሚ፣ የግንበኛው አጣና፣ ከምጣድ ሥር የሚነደው ቅጠል፣ ጉንፋን ሲይዝ የሚታጠኑበት እንፋሎት፣ ሁሉም ከዚሁ ዛፍ የሚገኝ ነው።

እንግሊዝኛው ዛፉን «ዩካሊፕተስ» ይለዋል። ግብፆች ደግሞ በዕለት ተዕለት ንግግራቸው «ካፉር» ይሉታል። ይህ ሁለተኛው ስም ለእኛ ለሙስሊሞች ባዕድ አይደለም። ካፉር በቁርኣን በሱረቱል ኢንሳን፣ በሐዲስ ደግሞ በጀናዛ አስተጣጠብ ላይ የተጠቀሰ ቃል ነው። ዐረብኛ የሚማር ወጣት መዝገበ ቃላት ከፍቶ «ካፉር» ለሚለው ቃል አንድ ቦታ «ባሕር ዛፍ» የሚል ትርጉም ቢያገኝ፣ የጀነት ሰዎች መጠጥ ከባሕር ዛፍ ጋር የተቀላቀለ መስሎት ሊቀር ይችላል። ጀናዛ የሚያጥብ ሰውም የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘፍዝፎ ሱናውን የፈጸመ ሊመስለው ይችላል።

መልሱን አስቀድመን እንናገር፦ የቁርኣኑም የሐዲሱም ካፉር ባሕር ዛፍ አይደለም። ሊሆንም አይችልም። ለምን እንደማይሆን ለመረዳት ግን ይህ ዛፍ ሦስቱን ስሞቹን ከየት እንዳገኘ መከታተል ያስፈልጋል።

እንግሊዝኛው ስም፦ ከለንደን የደረቀ ቅርንጫፍ

«ዩካሊፕተስ» እንግሊዝኛ ቢመስልም የቃሉ ዘር ግሪክኛ፣ ስሙን ያወጣው ሰው ደግሞ ፈረንሳዊ ነው።

የባሕር ዛፍ ወገኖች ከ700 በላይ ዓይነት ሲሆኑ፣ ከጥቂቶቹ በስተቀር የትውልድ አገራቸው አውስትራሊያ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1777 የእንግሊዙ መርከበኛ ጄምስ ኩክ በሦስተኛው ጉዞው ከአውስትራሊያ በስተ ደቡብ ወደምትገኘው ታዝማኒያ ደረሰ። መርከቦቹ በብሩኒ ደሴት አድቬንቸር በተባለው ወሽመጥ ለጥቂት ቀናት ቆሙ። አብሮ የሄደው ዕፅዋት ሰብሳቢ ዴቪድ ኔልሰን ከአንድ ረጅም ዛፍ ላይ አበባና ቅጠል ያለበትን ቅርንጫፍ ቆርጦ፣ በወረቀት መካከል አድርቆ ወደ ለንደን አመጣው።

ቅርንጫፉ ስም ሳይኖረው ወደ አሥር ዓመት ገደማ ቆየ። ከዚያ ሻርል ሉዊ ሌሪቲዬ ደ ብሩቴል የተባለ ፈረንሳዊ ለንደን መጣ። ሌሪቲዬ ዕፅዋትን በትርፍ ጊዜው ያጠና የነበረ የፓሪስ ዳኛ ነው። የደረቀውን ናሙና መረመረና «ሰርቱም አንግሊኩም» በተሰኘው የላቲን መጽሐፉ ውስጥ አዲስ ወገን ብሎ መዘገበው። መጽሐፉ የያዘው ዓመት እ.ኤ.አ. 1788 ነው። ለዚያ የመጀመሪያ ዛፍ የሰጠው ሙሉ ስም «ዩካሊፕተስ ኦብሊኳ» ነው። «ኦብሊኳ» ማለት ሰያፍ ማለት ሲሆን፣ የቅጠሉ ሥር በሁለቱ ወገን እኩል አለመሆኑን ያመለክታል።

«ዩካሊፕተስ» የሚለው ከሁለት የግሪክ ቃላት የተገጠመ ነው። «ዩ» መልካም፣ ደህና ማለት ነው። «ካሊፕቶስ» የተሸፈነ ማለት ነው። አንድ ላይ «በደንብ የተሸፈነ» ይሆናል። በእንግሊዝኛ የዓለም ፍጻሜን የሚያመለክተው «አፖካሊፕስ» ከዚሁ ግስ የመጣ ነው፤ እሱ ደግሞ በተቃራኒው «መሸፈኛውን መግለጥ» ማለት ነው።

የተሸፈነው ምኑ ነው?

ባሕር ዛፍ ብዙዎቻችን የምናውቃቸው አበቦች ያላቸውን ዓይነት የተዘረጋ መልካ አበባ የለውም። የእምቡጡ ልባሶች አንድ ላይ ተጣብቀው ትንሽ ክዳን ይሠራሉ። ክዳኑ እምቡጡን ልክ እንደ ሙዳይ ይገጥመዋል። አበባው ሲደርስ በውስጡ የታጠፉት ነጫጭ ክሮች እየተዘረጉ ክዳኑን ይገፉታል፤ ክዳኑም ተላቆ መሬት ይወድቃል። ሌሪቲዬ ያየው ይህንን ክዳን ነው።

ይህንን ለማረጋገጥ መጽሐፍ አያስፈልግም። በእንጦጦ ወይም በየካ ተራራ ላይ በነጭ ባሕር ዛፍ ሥር የሚሄድ ሰው ጎንበስ ብሎ ቢፈልግ ሁለት ነገር ያገኛል። አንደኛው ልጆች የሚጫወቱበት ጠንካራው፣ ማዕዘን ያለው ፍሬ ነው። ሁለተኛው መካከሉ ላይ ጉብ ያለች፣ ቁልፍ የምታክል ክዳን ናት። የእንግሊዝኛው ስም በሙሉ በዚያች ክዳን ላይ የቆመ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። ዛፉ በዓለም ካሉት ረጃጅም ዛፎች ወገን ነው። ፈጥኖ ያድጋል፤ ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ሽታው ከሩቅ ይታወቃል። ስሙ ግን ከእነዚህ አንዱንም አይናገርም። ሌሪቲዬ ታዝማኒያን ረግጦ አያውቅም። ፊቱ የነበረው ቁመትም ጥላም የሌለው፣ ወረቀት ላይ የተለጠፈ ቅርንጫፍ ነው። ስለዚህ በወረቀት ላይ ከሚታየው መካከል ለየት ያለውን ነገር ስም አደረገው። ስም ብዙ ጊዜ የሚነግረን ዛፉን ብቻ አይደለም፤ ስም አውጪው የት ቆሞ እንዳየውም ይነግረናል።

ዛፉ ከዚያ በፊት ስም አልነበረውም ማለትም አይደለም። በአውስትራሊያ ለብዙ ሺህ ዓመታት የኖሩት ነባር ሕዝቦች ለየዓይነቱ ስም ነበራቸው። ከእነዚህ መካከል «ጃራ»፣ «ካሪ» እና «ኩሊባ» የመሳሰሉት ለተወሰኑ ዓይነቶች እስከ ዛሬ በእንግሊዝኛ ይነገራሉ። የወገኑ ሁሉ መጠሪያ የሆነው ግን ለንደን ላይ የወጣው ነው።

ነጩ እና ቀዩ

የእንጦጦው ዛፍ በእኛ አጠራር ነጭ ባሕር ዛፍ ነው። በሳይንስ ስሙ «ዩካሊፕተስ ግሎቡለስ» ይባላል። ይህንንም ስም ያወጣው ፈረንሳዊ ነው። ላቢላርዲዬር የተባለው የዕፅዋት ተመራማሪ የጠፋውን መርከበኛ ላ ፔሩዝን ለመፈለግ ከወጣው ጉዞ ጋር እ.ኤ.አ. በ1792 ታዝማኒያ ደርሶ ዛፉን አገኘ። የእምቡጡ ክዳን የኮት ቁልፍ ስለመሰለው ክብ ትንሽ ነገር በሚል የላቲን ቃል ጠራው።

ተራው እንግሊዝኛ ተናጋሪ ግን ግሪክኛውንም ላቲኑንም ትቶ «ብሉ ገም» ይለዋል። «ብሉ» የተባለው የለጋው ቅጠል ሰማያዊ አመድ የተነሰነሰበት ስለሚመስል ነው። ችግኝ የተከለ ሁሉ ይህንን ያውቃል፤ ለጋው ቅጠል ሰፊና አመድማ ሲሆን፣ ዛፉ ሲያድግ ቅጠሉ ረጅምና እንደ ማጭድ የታጠፈ ይሆናል። «ገም» ማለት ሙጫ ነው። የመጀመሪያዎቹ እንግሊዛውያን ከግንዱ የሚንጠባጠበውን ቀይ ፈሳሽ አይተው ሙጫ ያለው ዛፍ አሉት። «ገም» የሚለው ቃል ራሱ በላቲንና በግሪክ በኩል አልፎ የሚደርሰው እስከ ጥንታዊ ግብፅ ቋንቋ ነው። እንግሊዞች ለአውስትራሊያ ዛፍ ያዋሉት ቃል እንግዲህ ከአፍሪካ የወጣ ነው።

ቀይ ባሕር ዛፍ ደግሞ በሳይንስ ስሙ «ዩካሊፕተስ ካማልዱሌንሲስ» ይባላል። ዝቅ ባለና ሞቅ ባለ አገር በብዛት የሚተከለው እሱ ነው። የስሙ ታሪክ ይበልጥ ያስገርማል። ይህ ዛፍ በአውስትራሊያ ወንዞች ዳር ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚገኝ ነው። ሆኖም በጣሊያን ኔፕልስ አጠገብ ካማልዶሊ በተባለ የአትክልት ስፍራ ተተክሎ ስለነበር፣ የስፍራው አትክልተኛ ዴንሃርት እ.ኤ.አ. በ1832 በአትክልት ስፍራው ስም ጠራው። ስሙን ብቻ የሚያይ ሰው ዛፉን ጣሊያናዊ ነው ቢል አይፈረድበትም። ስሙ ግን ያሳስተዋል።

እንዴት «ባሕር ዛፍ» ሆነ?

ዐፄ ምኒልክ መናገሻቸውን እንጦጦ ላይ አድርገው ከቆዩ በኋላ ወደ ታች ወርደው አዲስ አበባ ስትቆረቆር፣ በተራራው ዙሪያ የነበረው የሐበሻ ጥድና ወይራ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ እየተቆረጠ ፈጥኖ አለቀ። የማገዶው ችግር እጅግ ስለበረታ መናገሻውን ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ወደ አዲስ ዓለም የማዛወር ሐሳብ ተነሥቶ ግንባታ ሁሉ ተጀምሮ ነበር። ከተማዋን በቦታዋ ያቆያት ከትላልቆቹ ምክንያቶች አንዱ ባሕር ዛፍ ነው።

ዛፉ ወደ አገራችን የገባው በ1887 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. 1894/95) አካባቢ ሲሆን፣ በማስገባቱ ስሙ በተደጋጋሚ የሚነሣው ካዚሚር ሞንዶን ቪዳዬ የተባለው ፈረንሳዊ ነው። የንጉሡ አማካሪ የነበረ፣ አማርኛንም ያጠና ሰው ነው። ንጉሡ ተከላውን አበረታቱ። በሃያ እና በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከተማዋ በዛፉ ተሸፈነች። አንዳንድ የውጭ አገር ሰዎች በቀልድ «ዩካሊፕቶፖሊስ»፣ የባሕር ዛፍ ከተማ፣ እስከ ማለት ደርሰዋል።

የየካ ነዋሪ አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ለወገኑ ስም ያወጣው ሌሪቲዬ፣ ለነጩ ባሕር ዛፍ ስም ያወጣው ላቢላርዲዬር፣ ወደ እኛ በማምጣት የሚነሣው ሞንዶን ቪዳዬ፣ ሦስቱም ፈረንሳውያን ናቸው። ዛፉ በብዛት ከሚታይባቸው የእንጦጦ ግርጌ ሰፈሮች አንዱም እስከ ዛሬ «ፈረንሳይ» ይባላል። ሰፈሩ ግን ስሙን ያገኘው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው እንጂ ከዛፉ አይደለም። ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ስለቆሙ ብቻ አንዱ ከሌላው መጣ ማለት አይቻልም። ይህንን ነጥብ እንያዘው፤ ወደ ካፉር ስንደርስ ይጠቅመናል።

ሕዝባችን ለመጤው ዛፍ ግሪክኛውን ስም አልተቀበለም። «ባሕር ዛፍ» አለው። መምህር በነበርኩበት ጊዜ ይህንን ቃል በክፍል ውስጥ ስናነሣ ከተማሪዎች የሚሰጠው የተለመደ ግምት «ውኃ ስለሚወድ ነው» የሚል ነበር። ዛፉ ውኃ መምጠጡ እውነት ነው፤ ስሙ ግን ከዚያ አልመጣም። እዚህ ላይ «ባሕር» ማለት ባሕር ማዶ ማለት ነው። ባሕር ተሻግሮ የመጣ ዛፍ፣ የውጭ ዛፍ።

አማርኛ እንዲህ ያለ ልማድ ቀድሞም ነበረው። ዛሬ በቆሎ የምንለው እህል ከአሜሪካ ምድር የወጣ ሲሆን ወደ እኛ ሲደርስ «የባሕር ማሽላ» ተብሎ ነበር። ከባሕር ማዶ የመጣ ማሽላ ማለት ነው። ኋላ የገባውን የጥድ ዓይነት ደግሞ «የፈረንጅ ጥድ» ስንለው፣ ነባሩን «የሐበሻ ጥድ» አልነው።

ሌሎች ሕዝቦችም እንደዚሁ ናቸው። ይህንኑ በቆሎ እንግሊዞች በጥንት ጊዜ «የቱርክ ስንዴ» ይሉት ነበር። ቱርኮች «ምስር» ይሉታል፤ ምስር ማለት ግብፅ ነው። ግብፆች ደግሞ «ዙራ ሻሚያ»፣ የሻም ማሽላ ይሉታል። ሁሉም እህሉን በመጨረሻ ወደ ተቀበለበት በር ይጠቁማል፤ የእህሉን ትውልድ አገር ያወቀ ግን የለም። የእኛው «ባሕር ዛፍ» ከዚህ አንጻር ሲታይ ጨዋ ስም ነው፤ ከውጭ መምጣቱን ተናግሮ ያበቃል፤ የማያውቀውን አገር አይጠራም።

ስሙ በአገራችን ቋንቋዎችም ተጉዟል። በአፋን ኦሮሞ «ባርጋሞ» ከሚለው ጎን «ባርዛፊ» የሚሉም አሉ። በትግርኛ ግን «ቀላሚጦስ» ይባላል፤ እዚያ የተሰማው የአውሮፓው ስም ነው። አንድ ዛፍ በአንድ አገር ውስጥ እንኳ በሁለት በር ገብቶ ሁለት ስም ይዞ ቀረ።

ካፉር፦ የስሙ መመሳሰል እና የነገሩ ልዩነት

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ። ባሕር ዛፍ ግብፅ ሲደርስ ሕዝቡ ስም ፈለገለት። ቅጠሉ ሲታሽ የሚሰጠው አፍንጫ የሚከፍት፣ ቀዝቀዝ የሚያደርግ ሽታ ድሮ የሚያውቁትን ካፉር ያስታወሳቸው ይመስላል። «የካፉር ዛፍ» አሉት። ፈረንሳዊው በዓይኑ፣ እኛ በመጣበት መንገድ፣ ግብፆች በአፍንጫቸው ሰየሙት።

ትክክለኛው ካፉር ግን ሌላ ነገር ነው። ነጭ፣ ብርሃን አሳላፊ፣ በቀላሉ የሚተን፣ ከእንጨት የሚወጣ ጠጣር ነገር ነው። በጥንቱ ዘመን እጅግ ውድ የነበረው ዓይነት የሚመጣው ከሱማትራ ደሴት ነበር። የዐረብ ነጋዴዎች በወደቡ ስም «ካፉር ፈንሱሪ» ይሉት ነበር። ዛሬ የሚታወቀው ሌላው የካፉር ዛፍ ደግሞ የቻይና፣ የታይዋንና የጃፓን ነው፤ ወገኑም ከቀረፋ ጋር ነው። ሁለቱም ከባሕር ዛፍ ጋር ወገንነት የላቸውም። የባሕር ዛፍ ዋና ዘይት ሲኒኦል የሚባል ሲሆን፣ ከካፉር በንጥረ ነገሩ የተለየ ነው።

ቃሉም ተጓዥ ነው። በማላይ ቋንቋ «ካፑር»፣ በሳንስክሪት «ካርፑራ» ይባላል። ወደ ዐረብኛ ሲገባ «ካፉር» ሆነ። ከዐረብኛ ወደ ላቲን ተሻግሮ እንግሊዝኛው «ካምፈር» አለው። ይህንን የዘመናችን ሰዎች ብቻ ያወቁት አይደለም። ኢማም አስ-ሱዩጢ በ«አል-ኢትቃን» ውስጥ ከሌሎች ቋንቋዎች ወደ ዐረብኛ የገቡ ናቸው የተባሉ የቁርኣን ቃላትን ሲዘረዝሩ፣ አል-ጀዋሊቂይ እና ሌሎች ካፉርን ከፋርስኛ የመጣ ነው ማለታቸውን ጠቅሰዋል። የጥንት ዑለሞቻችን ቃል ከየት እንደመጣ መጠየቅን እንደ ነውር አላዩትም።

ቀኑን አስሉት። ቁርኣን የወረደው በሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ ምድር ወጥቶ በሌላው ዓለም መታወቅ የጀመረው ከአሥራ ስምንተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ ነው። በመካከላቸው ከ1,100 ዓመት በላይ አለ። ቁርኣን ሲወርድ የሰሙት ዐረቦች «ካፉር» ሲባል የተረዱት ነገር ነበር፤ እሱም ይህ ዛፍ ሊሆን አይችልም።

በሱረቱል ኢንሳን 5ኛ አንቀጽ የደጋግ ሰዎች መጠጥ ከካፉር ጋር የተቀላቀለ መሆኑ ተነግሯል። ሙፈሲሮች በዚህ ላይ ካፉር የጀነት ምንጭ ስም ነው ያሉም፣ ሽታውና ቅዝቃዜው ነው የታሰበው ያሉም አሉ። ቀጣዩ አንቀጽ ስለ ምንጭ ማውራቱ ለመጀመሪያው አስተያየት ድጋፍ ነው። ያም ሆነ ይህ የጀነት ነገር ከዱንያው ጋር የሚጋራው ስሙን ነው። የዱንያው ካፉር የሚጠጣ አይደለም፤ ወደ ሆድ ከገባ መርዝ ነው። የባሕር ዛፍ ዘይትም እንዲሁ።

በሐዲስ ደግሞ ኡሙ ዐጢያ ባስተላለፉት፣ ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጃቸው ባረፈች ጊዜ ለሚያጥቧት ሴቶች በውኃና በሲድር እንዲያጥቧት፣ በመጨረሻው እጥበት ላይም ካፉር እንዲያደርጉ ማዘዛቸው ተነግሯል። ሲድር የእኛ ቁርቁራ ነው፤ ይህኛው በአገራችን የሚበቅል ነው። ካፉሩ ግን ከእንጦጦ የሚለቀም ቅጠል አይደለም። ለጀናዛ ካፉር የሚገዛ ሰው በስሙ ጠርቶ ነጩን ካፉር ይጠይቅ። ለልብስ ብል የሚሸጠው ናፍታሌንም በንጣቱና በሽታው ሊያሳስት ይችላል፤ እሱም ካፉር አይደለም፤ ለጤናም ጎጂ ነው። ካፉር ባልተገኘ ጊዜ ምን እንደሚደረግ የመስጂዱን ኢማም መጠየቅ መልካም ነው፤ የስም መመሳሰልን ይዞ በራስ መወሰን ግን አይገባም።

አንድ መገጣጠም፣ አንድ ጥንቃቄ

ዐረብኛ የቀመሰ አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ብልጭ ሊልበት ይችላል። ግሪኩ «ካሊፕቶስ» መሸፈን ከሆነ፣ የዐረብኛው «ከፈረ» የሚለው ሥርም መሸፈን ነው። ካፊር የተባለው እውነትን ስለሸፈነ፣ ከፋራ የተባለውም ወንጀልን ስለሚሸፍን ነው። በሱረቱል ሐዲድ 20ኛ አንቀጽ «ኩፋር» የሚለው ቃል ብዙ ሙፈሲሮች ዘንድ ገበሬዎች ተብሎ መተርጎሙ ዘርን በአፈር ስለሚሸፍኑ ነው። እንዲያውም በጥንት ዐረብኛ የተምር አበባን የሚሸፍነው ቅርፊት «ካፉር» ይባላል። አበባን የሚሸፍን ክዳን! ሌሪቲዬ በለንደን ያየው ይኸው አይደለምን?

ያምራል፤ ግን ማስረጃ አይደለም። ግሪክኛና ዐረብኛ በዚህ ቃል ዝምድና የላቸውም። ግብፆችም ባሕር ዛፍን ካፉር ያሉት ስለ ክዳኑ አይደለም። መዓዛው ካፉር ቃሉ ከምሥራቅ በንግድ የመጣ ነው፤ የተምሩ ካፉር ከዐረብኛው ሥር የወጣ ነው። ሁለቱ በአንድ ድምፅ ተገናኙ። የፈረንሳይ ሰፈርንና የሦስቱን ፈረንሳውያን ነገር አስታውሱ፤ ጎን ለጎን መቆም ዝምድና አይደለም። በተለይ ዛሬ በማኅበራዊ ሚዲያ «ይህ ቃል ከዚህ ቃል ስለሚመሳሰል በቁርኣን ተነግሯል» የሚሉ ጽሑፎች በብዛት ይዘዋወራሉ። ጥሩ ነገር ለማሳየት ቢታሰብም፣ ደካማ ማስረጃ ለሃይማኖቱ ክብር አይጨምርለትም። ነገ ሐሰት መሆኑ ሲታወቅ የሚፈርደው አድማጭ በእኛ ላይ ብቻ አያቆምም።

ስሙ ለተራራው ምን ይላል?

እንጦጦ ዛሬ እየተለወጠ ነው። በ2013 ዓ.ም መስከረም መጨረሻ የእንጦጦ ፓርክ ተመርቋል። በየክረምቱ በተራራው ላይ አገር በቀል ችግኝ ይተከላል። ባሕር ዛፍ ውኃና መሬት ይጎዳል፣ ከሥሩ ሌላ አያበቅልም የሚለው ክርክርም ቆይቷል። በሌላ በኩል ደግሞ ከዚያው ጫካ እንጨትና ቅጠል ተሸክመው፣ ጎብጠው ወደ ፈረንሳይና ወደ ሽሮሜዳ የሚወርዱ እናቶች አሉ። ለእነሱ ዛፉ የዛሬ እራት ነው።

በዚህ ክርክር ውስጥ ስሙ ሁለት ነገር ያስታውሰናል። «ባሕር» የሚለው ክፍል ዛፉ እንግዳ መሆኑን ይናገራል። ከእሱ በፊት እዚህ ተራራ ላይ ጥድ፣ ወይራና ኮሶ ነበሩ፤ የተቆረጡትም በባሕር ዛፍ ሳይሆን በሰው እጅ ነው። እንግዳው የመጣው ባለቤቱን ጨርሰን ከተራቆትን በኋላ ነው። «ዛፍ» የሚለው ክፍል ደግሞ ውለታውን ይናገራል። ከ120 ዓመት በላይ ከተማዋን አሙቋል፣ ቤት አቁሟል፣ እንጀራ ጋግሯል። አገር በቀሉን መመለስ ተገቢ ነው፤ ጥዱ እስኪደርስ ግን የተሸካሚዋ እናት ምጣድ በምን እንደሚሞቅ አብሮ መታሰብ አለበት።

ለመምህራንና ለወላጆች አንድ ሐሳብ እንተው። በሚቀጥለው ጊዜ ልጆችን ይዛችሁ ወደ የካ ተራራ ስትወጡ ከነጭ ባሕር ዛፍ ሥር ያችን ትንሽ ክዳን ፈልጉ። ስለ «ዩካሊፕተስ» ትርጉም ከዚያች የበለጠ ማስረጃ የለም። ከዚያም የሐበሻ ጥድ አሳዩአቸው፤ ነባሩ የቱ፣ እንግዳው የቱ እንደሆነ ይለዩ። ካፉርን ደግሞ በቤት ውስጥ ካለው ነጩ ካፉር አሽትቷቸው። ሦስቱን በዓይኑና በአፍንጫው የለየ ልጅ መዝገበ ቃላት ከፍቶ «ካፉር፣ ባሕር ዛፍ» የሚል ቢያገኝ፣ የግብፆች አጠራር መሆኑን አውቆ ያልፈዋል።